«ነጸብራቅ» ወይስ «ፍካት»?

በደባርቅና በዳባት ገጠር ከጣራ የሚንጠለጠለውን ጥቀርሻ፣ ከድስት ቂጥ የሚለጠፈውን ጥላሸት የማያውቅ የለም። ከዚህ ጥቁር ነገር ብርሃን ይወጣል ብሎ የሚገምት ግን አይገኝም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ከኤሌክትሪክ ቅስት የተገኘ ጥላሸት ሲያጣሩ ብርሃን ሰጪ የካርቦን ቅንጣቶች አገኙ፤ በ2007 ደግሞ ከሻማ ጥላሸት በናይትሪክ አሲድ ተዘጋጁ። መጠናቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ናኖሜትር ያንሳል።

ይህን ጠባይ «ነጸብራቅ» ማለትን አንቀበልም። ነጸብራቅ የመጣውን ብርሃን መልሶ መላክ ነው። ይህኛው ግን ብርሃኑን ውጦ ከኃይሉ ከፊሉን ካስቀረ በኋላ በሌላ ቀለም ያወጣዋል፤ ለምሳሌ የማይታየውን አልትራቫዮሌት ተቀብሎ ሰማያዊ ይሰጣል። በሕዋስ ምርመራ ጊዜ የማይክሮስኮፑ ማጣሪያ ቀስቃሹን ብርሃን አግዶ የቅንጣቱን ብቻ የሚያሳልፈው በዚሁ የቀለም ልዩነት ነው። «ነጸብራቅ» ብሎ የተረጎመ ሰው ማጣሪያውን ከንቱ ያደርገዋል።

«ፍም» የሚለውም አጓጉቶን ነበር፤ ነገር ግን የፍም ብርሃን ከግለት የሚመጣ ነው፣ ይህ ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ «ፍካት»ን መርጠናል፤ ቅንጣቱም «ፈኪ የካርቦን ናኖቅንጣት» ይባል። የአበባን መፍካት ዐውዱ ይለየዋል።

ካድሚየም ካለባቸው ኳንተም ነጥቦች ይልቅ መርዛማነታቸው አነስተኛ ሆኖ ስለተገኘ ለሕዋስ ምስልና ለመድኃኒት ማድረሻ እየተጠኑ ነው። ተርጓሚው «የሚጠና»ን «የሚያድን» እንዳያደርገው አደራ እንላለን።