ሚናዋ ስሟን ስትወርሰው

ሰብለ ተፈራ በ2008 ዓ.ም. አዲስ ዓመት በመኪና አደጋ ስታርፍ፣ ስሟ ብቻውን ለብዙ ሰው ማንነቷን አይነግርም ነበር። ስለዚህ ከስሟ አጠገብ «እማማ ጨቤ» ወይም «ትርፌ» የሚል ይከተል ነበር። ሁለቱም የተጫወተቻቸው ገጸ ባሕርያት ናቸው፤ ትርፌ «ቤቶች» በተሰኘው ተከታታይ ኮሜዲ ውስጥ ያለችው የቤት ሠራተኛ ናት። ተመልካቹ ሚናዋን ከራሷ ይልቅ ለምን አወቃት? መልሱ ያለው በኮሜዲው አሠራር ውስጥ ነው።

አሠራሩን ለማየት ከሴቶች የመድረክ ታሪክ እንነሳ። በዘመናዊው ቲያትራችን መጀመሪያ ሴቶች መድረክ ላይ አይወጡም ነበር። የሴት ሚና የሚጫወቱት ወንዶች ሲሆኑ፣ ኋላ በልጆች ፕሮግራም «አባባ ተስፋዬ» የተባሉት ተስፋዬ ሣህሉ አንዱ ናቸው። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላም ስማቸው ገንኖ የቆየው የቀልድ ጥንዶች ወንዶች ናቸው፦ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ። አጭር ጭውውት ገጸ ባሕርይን በደቂቃዎች ፈጥሮ በደቂቃዎች ይጨርሳታል። ለአንዲት ተዋናይት ቋሚ ቦታ የሰጠው ሲትኮም ነው።

ሲትኮም ቦታውም ሰዎቹም የማይለወጡበት ተከታታይ ኮሜዲ ነው። በየሳምንቱ አዲስ ችግር ይገባል፤ በክፍሉ መጨረሻ ቤቱ ወደነበረበት ይመለሳል። ገጸ ባሕርይዋ ከስህተቷ ተምራ ብትለወጥ ቀልዱ ያልቃል። ስለዚህ ጠባይዋ፣ ድምፅዋና አረማመዷ ለዓመታት ያው ይሆናሉ። ሳቁን የሚያመጣው ይኸው ድግግሞሽ ነው፤ ተመልካቹ ምን እንደምትል ስለሚገምት ገና አፏን ሳትከፍት ይስቃል። የተዋናይቷ ስም በሚናዋ ስም የሚዋጠውም በዚሁ መንገድ ነው።

የቤት ሠራተኛ ለዚህ አሠራር በጣም ትመቻለች። ከቤቱ ውስጥ ናት፣ ከቤተሰቡ ግን አይደለችም። ሳሎንም ጓዳም ትገባለች፤ ባልና ሚስት የሚደባበቁትን ትሰማለች፤ ወሬ በእሷ በኩል ያልፋል። ሥልጣን ስለሌላት እውነቱ ከአፏ ሲወጣ ሳቅ ይሆናል። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የኖረው ሮማዊው የኮሜዲ ጸሐፊ ፕላውተስ ይህንኑ ሥራ ለብልሁ ባሪያ ሰጥቶት ነበር።

ሚናዋ ከስሟ በላይ የምትታወቅበት ሌላው ምክንያት ካሜራው ነው። መድረክ ላይ የተዋናይ እንቅስቃሴ የኋላ ወንበር ድረስ መድረስ አለበት። ካሜራ ግን ፊት ድረስ ይጠጋል። ሠራተኛዋ ረከቦቱ አጠገብ ቁጭ ብላ ቡና እየቀዳች ጠብ ሲነሳ፣ ጀበናውን እንዳዘነበለች ብትቆይና ሲኒው ሞልቶ ቢፈስ፣ ምንም ሳትናገር ሁሉንም መስማቷ ይታወቃል። ቀልዱን የሚወስነው ጸጥታው የሚቆይበት ልክ ነው፤ ጽሑፉ ላይ የሌለው የተዋናይቷ ድርሻም ይህ ነው።

የዚህ ሚና ውጤት ተመልካቹ እንዳለበት ቦታ ይለያያል። ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከዙሪያቸው ገጠር በደብረ ማርቆስ አድርገው ወደ አዲስ አበባ፣ ወይም ወደ ባሕር ዳር ለሰው ቤት ሥራ የሚሄዱ ልጃገረዶች ጥቂት አይደሉም። አዲስ አበባ ያለው ተመልካች በሠራተኛዋ ሲስቅ እሱ ራሱ ስለቀጠራት ሠራተኛ እያሰበ ይሆናል። ቡሬ ያለች እናት ግን በዚያችው ሠራተኛ ውስጥ የላከቻትን ልጅ ልታይ ትችላለች።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሚና ያከብራል ወይስ ያዋርዳል የሚለው በጅምላ አይመለስም። መመዘኛው የሳቁ ምንጭ ነው። የከተማ ዕቃ አያያዝ ባለማወቋ ብቻ የሚሳቅ ከሆነ፣ መሳለቂያው የመጣችበት ገጠር ነው። የቤቱ ባለቤቶች የሸሸጉትን በማወቋ የሚሳቅ ከሆነ ግን ተሳቂዎቹ አሠሪዎቹ ናቸው። ጎበዝ ተዋናይት በእይታዋና በዝምታዋ ሳቁን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ልታዞረው ትችላለች፤ ችሎታዋ የሚለካውም እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛዋን ከጓዳ አውጥቶ የራሷ ታሪክ ያላት ሰው ማድረግ ግን በእሷ እጅ አይደለም፤ የድርሰቱ ጸሐፊ ኃላፊነት ነው።