21 ነጥብ በስምንት ደቂቃ እንዴት ይመለሳል?

ታኅሣሥ 10 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 19 ቀን 2010፣ እሑድ ነበር። ኒው ጀርሲ በሚገኘው ኒው ሜዶውላንድስ ስታዲየም በአሜሪካ ፉትቦል ኒው ዮርክ ጃያንትስ ፊላዴልፊያ ኢግልስን 31 ለ 10 እየመራ ነው። የቀረው 8 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ። እንዲህ ባለ ሰዓት መኪና ማቆሚያው ሳይጨናነቅ ልውጣ ብሎ የሚነሣ ተመልካች አይታጣም። ጨዋታው ግን በኢግልስ አሸናፊነት 38 ለ 31 ተጠናቀቀ።

ምን ሆኖ ነው? «ተጫዋቾቹ ተስፋ አልቆረጡም» የሚለው መልስ ለዜና ይበቃ ይሆናል፤ ለማስረዳት ግን አይበቃም። ተስፋ ሳይቆርጥ የሚሸነፍ ቡድን በየሳምንቱ አለ። መልሱ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው።

በእኛ እግር ኳስ ሰዓት አይቆምም፤ የባከነውን ዳኛው መጨረሻ ላይ ይጨምራል። የአሜሪካ ፉትቦል ባለ 15 ደቂቃ አራት ክፍሎች አሉት፤ ሲደመር 60 ደቂቃ ይሆናል። ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ግን ከሦስት ሰዓት በፊት አይነሣም። ምክንያቱም ሰዓቱ እንደ ቧንቧ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ መክፈቻው ደግሞ በአመዛኙ ኳሱን በያዘው ቡድን እጅ ነው።

ኳስ የያዘው ቡድን 10 ያርድ (ዘጠኝ ሜትር ከምናምን) ወደፊት ለመግፋት አራት ሙከራ አለው። ከሞላለት አራት አዲስ ሙከራ ያገኛል፤ ካልሞላለት ኳሱን ያስረክባል። በሙከራና በሙከራ መካከል እስከ 40 ሰከንድ መቆየት ይችላል። ኳሱን ይዞ የሮጠው ተጫዋች ሜዳ ውስጥ ተይዞ ከወደቀ ሰዓቱ መቁጠሩን ይቀጥላል። የተወረወረ ኳስ ሳይያዝ መሬት ከነካ ግን ሰዓቱ ይቆማል። በጨዋታው የመጨረሻ አምስት ደቂቃ ደግሞ ኳሱን የያዘው ሰው ከመስመር ሲወጣም ይቆማል። እያንዳንዱ ቡድን በግማሽ ጨዋታ ሦስት ታይም አውት አለው፤ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ደግሞ ማንም ሳይጠይቅ ሰዓቱ ይቆማል።

ስለዚህ መሪው ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ አርባውን ሰከንድ አሟጦ ይጠቀማል። ተመሪው ይወረውራል፣ ወደ መስመር ይሸሻል፣ ታይም አውት ይጠራል። የመሪው የመጨረሻ መሣሪያ ደግሞ ለአዲስ ተመልካች የሚያስቅ ነው፦ ጥቃቱን የሚመራው ኳርተርባክ ኳሱን ተቀብሎ በአንድ ጉልበቱ ይንበረከካል። ሙከራው በዚያው ያበቃል፤ ሰዓቱ ግን ይቆጥራል። ተጋጣሚው ታይም አውት ከጨረሰ፣ ሦስት ጊዜ በመንበርከክ ብቻ ሁለት ደቂቃ ያህል ይበላል።

ይህን መንበርከክ የግድ ያደረገው የእነዚሁ የሁለቱ ቡድኖች ጨዋታ መሆኑ ይገርመኛል። ፊላዴልፊያና ኒው ዮርክ በመኪና ሁለት ሰዓት የማይራራቁ ከተሞች ናቸው፤ ቡድኖቹ ከ1933 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲጋጠሙ ኖረዋል፤ በአንድ ምድብ ስላሉም በየዓመቱ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይገናኛሉ። ኅዳር 10 ቀን 1971 ዓ.ም. (ኖቬምበር 19 ቀን 1978) ጃያንትስ 17 ለ 12 ይመራል፤ ኳሱ በእጁ ነው፤ ኢግልስ አንድም ታይም አውት አልቀረውም። መንበርከክ ብቻ ይበቃ ነበር። ከአሠልጣኝ የመጣው ትእዛዝ ግን ኳሱን ለሯጩ ለላሪ ዞንካ አቀብል የሚል ሆነ። ኳርተርባኩ ጆ ፒሳርቺክ ሊያቀብል ሲል ኳሱ አመለጠው። ሲነጥር የኢግልሱ ኸርማን ኤድዋርድስ አፈፍ አድርጎ 26 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ፤ 19 ለ 17። የጥቃት ክፍሉ አሠልጣኝ ቦብ ጊብሰን በማግስቱ ተባረረ። ከዚያ ወዲያ ቡድኖች ለመንበርከክ ብቻ የሚሆን ልዩ አሰላለፍ ይለማመዱ ጀመር።

ወደ 2003ቱ ጨዋታ እንመለስ። ኳሱን ከግብ መስመሩ ማሳለፍ፣ ማለትም አንድ ታችዳውን፣ 6 ነጥብ ነው፤ ተከታዩ ምት ከገባ 7 ይሆናል። 21 ነጥብ ማለት እንግዲህ ሦስት ታችዳውን መሆኑ ነው፤ ያውም እኩል ለመሆን ብቻ። ሌላም ጣጣ አለ፦ ያስቆጠረው ቡድን ኳሱን መልሶ ለተጋጣሚው መምታት አለበት። ነጥብ ባገኘህ ቁጥር ሰዓቱን ለሚያቃጥልብህ ሰው ኳሱን በእጅህ ትሰጠዋለህ ማለት ነው። ስምንት ደቂቃ ያነሰው ለዚህ ነው።

ኢግልስ የመጀመሪያውን በፍጥነት ጨረሰው። ኳርተርባኩ ማይክል ቪክ ለብሬንት ሴሌክ የወረወረው ኳስ 65 ያርድ ሄዶ ታችዳውን ሆነ፤ የፈጀው ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም። 31 ለ 17።

ሁለተኛው ስርቆት ነው ብል አልተሳሳትኩም፤ ደንቡ የሚፈቅደው ስርቆት። መልሶ የሚመታው ኳስ 10 ያርድ ከሄደ በኋላ የማንም ነው፤ ቀድሞ የያዘው ይወስደዋል። ኢግልስ ሩቅ ይመታል ተብሎ ሲጠበቅ አጭር መታ፤ ኦንሳይድ ኪክ ይሉታል። ጃያንትስ አልጠረጠረም፤ ራይሊ ኩፐር ኳሱን ያዘና ኢግልስ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ኳስ አገኘ። ቪክ ራሱ ሮጦ አስገባ። 31 ለ 24፤ አምስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ቀረ። ዛሬ ቢሆን ይህ አይሠራም፤ ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ አጭር ሊመታ ያሰበ ቡድን አስቀድሞ ለዳኞች ማሳወቅ አለበት። ድንገተኛነቱ ተወሰደበት። እኔ ብሆን አልነካውም ነበር።

ሦስተኛው የተከላካዮቹ ነው። ጃያንትስ ኳሱን ተቀብሎ ሰዓቱን ሊጨርሰው አልቻለም፤ ለኢግልስ መለሰ። ወደ ሦስት ደቂቃ ሲቀር ኢግልስ ከራሱ 12 ያርድ ላይ ተነሣ። እንዲህ ባለ ሰዓት መሮጥ ሰዓት ያባክናል ይባላል፤ ቪክ ግን በጨዋታው በሙሉ በእግሩ ብቻ 130 ያርድ የሄደ ሰው ነው፣ ሩጫውም እንደ ውርወራው ያራምደው ነበር። 1 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲቀር ለጄረሚ ማክሊን አቀበለ። 31 እኩል።

እስከዚህ ድረስ ሒሳብ ነው። ቀጥሎ የመጣው ግን ሜዳ ላይ ታይቶ አያውቅም።

ጃያንትስ ኳሱን ቢያገኝም 10 ያርዱ አልሞላ አለው። 14 ሰከንድ ቀርቷል። አራተኛውን ሙከራ መሞከር አደገኛ ስለሆነ ኳሱን በእግር ወደ ሩቅ መምታት አለበት፤ ይህ ፓንት ነው። ትእዛዙ ግልጽ ነበር፦ ከመስመር ውጭ ምታ። ከመስመር ከወጣ ማንም ይዞት አይሮጥም፤ ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ይሄዳል። የኢግልሱ ዴሾን ጃክሰን እየጠበቀ ነው፤ በሊጉ ካሉት ፈጣኖች አንዱ።

ጥሩ ፓንት ርቀት ብቻ አይደለም፤ ከፍታም ነው። ከፍ ብሎ የተመታ ኳስ አራት ሰከንድ ተኩል ያህል አየር ላይ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የመቺው ጓደኞች ሮጠው ተቀባዩ ዘንድ ይደርሳሉ። ዝቅ ብሎ የተመታ ኳስ ግን ከጓደኞቹ ቀድሞ ይደርሳል፤ ተቀባዩ ፊት ያለው ሜዳ ባዶ ይሆናል። ለጀማሪው ፓንተር ማት ዶጅ የተወረወረለት ኳስ ከፍ ብሎ መጣ። ዘርግቶ ያዘው፣ ቸኮለ፣ መታው፤ ኳሱ ዝቅ ብሎ፣ ያውም ቀጥ ብሎ ወደ ጃክሰን ሄደ።

ጃክሰን አልያዘውም፤ ከእጁ ወደቀ። አሳዳጆቹ ይህን ሲያዩ ተጣደፉበት። ወደ ኋላ ተመልሶ አነሣውና በመካከላቸው ሰንጥቆ ወጣ፤ የቡድን ጓደኛው ጄሰን አቫንት አንዱን አሳዳጅ በትከሻው መትቶ አነጠፈለት። 65 ያርድ።

የምወደው የመጨረሻዋን ቅጽበት ነው። ጃክሰን የግብ መስመሩ ጫፍ ሲደርስ አልገባም። መስመሩን ተከትሎ ወደ ጎን ሮጠ። ሰዓቱ ዜሮ ቢሆንም የተጀመረ ሙከራ ሳይፈጸም ጨዋታው አያልቅም፤ ሰከንድ ቀርቶ ቢገባ ግን ኢግልስ ኳሱን መልሶ ለጃያንትስ መምታት ነበረበት። ሰዓቱ ሲያልቅ ገባ። በሊጉ ታሪክ ጨዋታው ባለቀበት ቅጽበት በፓንት ምላሽ የተወሰነ የመጀመሪያው ድል ይህ ነው። የጃያንትሱ አሠልጣኝ ቶም ካፍሊን ሜዳ ውስጥ ገብቶ ዶጅ ላይ ሲጮህ ካሜራው ያዘው፤ ያ ሁሉ ጩኸት ግን ለአንድ ልጅ ብቻ የሚገባ አልነበረም፤ ጃያንትስ 21 ነጥቡን ያጣው ከፓንቱ በፊት ነውና።

ሁለቱም ቡድኖች ዓመቱን 10 አሸንፈው 6 ተሸንፈው ጨረሱ። ምድቡን ኢግልስ ወሰደ፤ ጃያንትስ ወደ ጥሎ ማለፉ ሳይገባ ቀረ። በእኩል ውጤት የቀደመው ግሪን ቤይ ፓከርስ ደግሞ በዚያው የውድድር ዘመን የሊጉን ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውልን፣ በላ።

በዋሽንግተን፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ያላችሁ እነዚህ ሁለት ቡድኖች ከዋሽንግተኑ ኮማንደርስ ጋር በአንድ ምድብ ስለሆኑ በየዓመቱ ታዩዋቸዋላችሁ። በቴሌቪዥኑ ሳጥን ላይ ከየቡድኑ ስም አጠገብ ሦስት ትናንሽ ሰረዞች አሉ፤ የቀሩት ታይም አውቶች ናቸው። ሁለት ደቂቃ ሲቀር ከነጥቡ ይልቅ እነሱን ቁጠሩ፤ የተመሪው ሰረዞች ጠፍተው ኳሱ በመሪው እጅ ከሆነ እራት ማቅረብ ይቻላል።