ያውቁ ኖሯል? ተራራ በሌለበት ኩዌት የመጀመሪያው መቶ ኪሎ ሜትር በብስክሌት

ያውቁ ኖሯል? ኩዌት ተራራ የላትም። የአገሪቱ ከፍተኛ ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ 300 ሜትር ገደማ ነው፤ እሱም ከከተማው ርቆ በምዕራቡ ጫፍ በሳልሚ በኩል ይገኛል። ከኩዌት ታወርስ ተነስቶ በባሕሩ ዳር ወደ ፋሃሂል የሚወርደው መንገድ ዳገት የሚባል የለበትም። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «እዚህማ መቶ ኪሎ ሜትር ምን አላት?» ይላል። ዳገት የሌለው መንገድ ግን ቁልቁለትም የለውም። እንጦጦን የወጣ ብስክሌተኛ ሲወርድ እግሩን ያሳርፋል፣ ከኮርቻው ብድግ ይላል፣ ወገቡን ያፍታታል። በሜዳ ላይ አምስት ሰዓት የሚነዳ ሰው አምስቱንም ሰዓት ፔዳል ይረግጣል። ስለዚህ በየሃያ ደቂቃው ሆን ብሎ ከኮርቻ መነሳት፣ የእጅን አያያዝ መለዋወጥ የግድ ነው። መዳፍ በአንድ ቦታ ረጅም ሰዓት ሲጫን ወደ ትንሿ ጣት የሚሄደው ነርቭ ይጨነቅና ጣቶች ይደነዝዛሉ።

ያውቁ ኖሯል? የኩዌት ዳገት ነፋሱ ነው። ሻማል የሚሉት ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ ይነሳል። በሳልሚያ አልፈው ወደ ፊንታስ፣ ማህቡላ፣ አቡ ሃሊፋ፣ መንገፍና ፋሃሂል ሲወርዱ ከጀርባዎ ይገፋዎታል፤ ያን ዕለት ልዩ ጉልበት ያገኙ ይመስልዎታል። ሲመለሱ ፊት ለፊት ይጠብቅዎታል። ሂሳቡን እንሥራው። ከከተማው እስከ ፋሃሂል 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 30 እየነዱ ቢወርዱ 70 ደቂቃ ይፈጅብዎታል፤ በሰዓት 15 ቢመለሱ 140 ደቂቃ። አማካይ ፍጥነትዎ 22.5 ሳይሆን 20 ይሆናል። ነፋሱ ሲሄዱ ያበደረዎትን ሲመለሱ ከነወለዱ ይወስዳል።

በዚህ ነገር መንገፍ ወይም ማህቡላ የሚኖር ሰው ታድሏል። ማለዳ ጉልበቱ ሳይነካ ነፋሱን እየተጋፈጠ ወደ ከተማው ይወጣል፤ ሲደክመው ነፋሱ ራሱ ወደ ቤቱ ይገፋዋል። ከተማ ውስጥ የሚኖረው ደግሞ ሲወርድ ራሱን መግታት አለበት። የመጀመሪያ ረጅም ጉዟቸውን ፋሃሂል ላይ አቁመው በመኪና የሚመለሱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የደከሙት በመመለሻው ሳይሆን በመሄጃው ነው።

ያውቁ ኖሯል? በሜዳ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው አብዛኛው ጉልበቱ የሚያልቀው አየር በመግፋት ነው። ፍጥነትን ከ20 ወደ 30 ማሳደግ በግማሽ መጨመር ይመስላል፤ አየሩን ለመግፋት የሚያስፈልገው ኃይል ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ከሌላ ብስክሌተኛ ጀርባ ተጠግቶ መንዳት የዚህን ጉልበት ሩብና ከዚያም በላይ ሊያተርፍ ይችላል። የመጀመሪያውን መቶ ኪሎ ሜትር ብቻዎን አይሂዱ የምለው ለደኅንነት ብቻ ሳይሆን ለዚህም ነው፤ ፊት እየተቀያየሩ የሚነዱ ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ከሚደርሱበት ርቀት አልፈው ይሄዳሉ።

ያውቁ ኖሯል? ከደጋ ለመጣ ሰው የኩዌት አየር ይሰጣልም ይነሳልም። የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ጠለል አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ኩዌት የደረሰ አበሻ ትንፋሹ ቀለል ይለዋል፤ የሚገፋው አየር ግን ወፍራም ነው። ቤልጂጋዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር የነዳበትን ክብረ ወሰን ሊያስመዘግብ ከአውሮፓ ተነስቶ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለችው ሜክሲኮ ሲቲ የሄደው ይህን ስስ አየር ፈልጎ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ላይ በተሰለፈችበት በ1956ቱ (እ.ኤ.አ.) የሜልበርን ውድድር ብስክሌተኞችም ነበሯት። የጎዳናው ውድድር 187.73 ኪሎ ሜትር ነበር። ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬና ፀሐዬ ባህታ ያሉበት ቡድን በቡድን ውጤት 9ኛ ወጣ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ 4 ዓመት በፊት መሆኑ ነው! ይህ ታሪክ ከሩጫው ጥላ ሥር መቅረቱ ያሳዝነኛል፤ በየትምህርት ቤቱ ሊነገር የሚገባው ነው።

ያውቁ ኖሯል? የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት የለበሰው ማሊያ የባሕረ ሰላጤው ጎረቤት የባሕሬን ስም ያለበት ነበር፤ ባሕሬን ሜሪዳ። ከትግራይ የተነሳችው እየሩ ተስፎአም ገብሩ ደግሞ በ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ በስደተኞች ቡድን ስም በሴቶች የጎዳና ውድድር ተሰልፋለች፤ ርቀቱ 158 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር።

ያውቁ ኖሯል? ኩዌትና ኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ይቆጥራሉ፤ ቤት ሲደውሉ መደመርም መቀነስም የለም። ፀሐይዋ ግን አንድ አይደለችም። በሰኔ ኩዌት ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ በታኅሣሥ አጋማሽ ደግሞ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው መቶው ኪሎ ሜትር አምስት ሰዓት ነው፤ በዚያ ላይ ማረፊያና የጎማ ጥገና ይጨመርበታል። መነሻ ሰዓት ከብስክሌቱ ጥራት ይበልጣል።

ሙቀቱን በቁጥር ማየት ይሻላል። ጁላይ 21 ቀን 2016 (እ.ኤ.አ.) ሚትሪባህ በተባለው የኩዌት በረሃ 53.9 ዲግሪ ሴልሺየስ ተለክቷል። የዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት በእስያ ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛው አድርጎ አጽድቆታል። መንግሥት በየዓመቱ ከጁን 1 እስከ ኦገስት 31 ከጠዋቱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት የደጅ ሥራን ይከለክላል። ሕግ ሠራተኛን ከፀሐይ የሚያወጣበትን ሰዓት ብስክሌተኛም ይወቀው። ሰውነት ሙቀትን የሚለምደው ከ10 እስከ 14 ቀን በሚወስድ ቀስ ያለ ልምምድ ነው። ከአዲስ አበባ በመጡ ሳምንት በረጅም ጉዞ መነሳት አደጋ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ኩዌታውያን የሙቀቱን መገባደድ በኮከብ ይቆጥሩታል። ሱሃይል የተባለው ኮከብ በነሐሴ ማለቂያ ገደማ ጎሕ ሲቀድ ይታያል፤ እኛ እንቁጣጣሽን ስንጠብቅ እነሱ ሱሃይልን ይጠብቃሉ። ከዚያ በኋላም ቢሆን አየሩ ወዲያው አይበርድም። ለመጀመሪያ ረጅም ጉዞ የተመቸው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። በጥር ቀኑ 19፣ ሌሊቱ 8 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ እጀ ረጅም ሹራብ ያስፈልጋል። ከመጋቢት ማለቂያ ጀምሮ ደግሞ ሳራያት የሚባለው ድንገተኛ ማዕበል ይመጣል። ጥርት ያለው ሰማይ በአፍታ ይጠቁርና አቧራ፣ ነጎድጓድና ዝናብ አንድ ላይ ይወርዳል። ፌብሯሪ 25 እና 26 የብሔራዊና የነጻነት በዓላት ስለሆኑ በዓረብ ባሕረ ሰላጤ ጎዳና ላይ ልጆች የሚያልፈውን ሁሉ ውኃ ሲረጩ ኖረዋል፤ መኪናውም ይጨናነቃል። በእነዚያ ሁለት ቀናት ብስክሌቱን ቤት ይተዉት።

ያውቁ ኖሯል? ወንዝ በሌላት በዚህች አገር የሚያዩት ማማ ብዙውን ጊዜ የውኃ ማማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የተከፈቱት ኩዌት ታወርስ ለውበት ብቻ የቆሙ አይደሉም። ትልቁ 187 ሜትር ይረዝማል፤ እሱና ሁለተኛው እያንዳንዳቸው 4,500 ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛሉ፣ ሦስተኛው ብቻ ውኃ የለውም። በሰማያዊና በነጭ የተዠጎረጎሩት እንጉዳይ መሳይ ማማዎችም 31 ናቸው፤ በአምስት ቦታ ተመድበው ቆመዋል። የሚጠጣው ውኃ በአብዛኛው ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣ ነው። ለብስክሌተኛው የቅርብ ወዳጅ ግን ሰቢል ነው፤ ሰዎች ለነፍሳቸው ብለው በቤታቸውና በመስጊዱ ደጅ የሚያቆሙት የቀዘቀዘ ውኃ ቧንቧ። ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ የተሰጠ ስለሆነ ያለ ሐፍረት ይቅዱ፤ ያቆመውንም ይመርቁ። ከዚያ ሌላ የየሰፈሩ ጀምዒያ (የኅብረት ሥራ መደብር) አለ። የመጀመሪያው የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1962 በካይፋን ተቋቁሟል፤ ዛሬ ጀምዒያ የሌለው ሰፈር ማግኘት ይቸግራል።

ውኃ ብቻውን ግን አይበቃም። በሙቀት የሚነዳ ሰው በሰዓት 1 ሊትር ላብ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያፈሳል። በእያንዳንዱ ሊትር ከግማሽ እስከ 1 ግራም፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሶዲየም ይወጣል። ያንን ሁሉ በንጹሕ ውኃ ብቻ የሚተካ ሰው የደሙን ጨው ያሳሳል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ግራ መጋባት ይከተላል። በእያንዳንዱ ኮዳ ቆንጠር ያለ ጨው ይጨምሩ።

ያውቁ ኖሯል? ሰውነት በጡንቻና በጉበት የሚያከማቸው ስኳር 2,000 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ብቻ ነው። መቶ ኪሎ ሜትር እንደ ክብደቱና እንደ ፍጥነቱ ያንን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሊበላ ይችላል። ክምችቱ ሲያልቅ ጉልበት ድንገት ይከዳል፣ እግር አልታዘዝ ይላል። መድኃኒቱ ሳይርብ መብላት ነው፤ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት። ትልልቅ ቴምሮች ከሆኑ ሦስት ወይም አራቱ 60 ግራም ይደርሳሉ። በውድ ዋጋ ከሚሸጠው የስፖርት ጄል ይልቅ ከአገር ቤት የተላከ በሶ በማርና በጨው ተበጥብጦ በኮዳ ቢያዝ የተሻለ ነው ባይ ነኝ። የመንገደኛ ስንቅ ሆኖ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አይበላሽም፣ ማኘክ አይጠይቅም፣ ጾምም አያስፈታም።

ጾምን ካነሳን አይቀር፣ በኩዌት የዕረፍት ቀን ዓርብና ቅዳሜ ነው። ዓርብ ለኦርቶዶክሱ ጾም፣ ለሙስሊሙ ጁምዓ ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ረጅሙን ጉዞ ለቅዳሜ ያድርገው። ጁምዓ የሚሰግድ ከ5 ሰዓት በፊት ቤቱ ይግባ። በረመዳን ደግሞ በቀን በአደባባይ መብላትም መጠጣትም በሕግ የተከለከለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው ሕግ እስከ 100 ዲናር መቀጫና እስከ አንድ ወር እስራት ያስቀምጣል፤ የሌላ እምነት ተከታዩንም ይመለከታል። በዚያ ወር ብስክሌት የሚነዳው ከኢፍጣር በኋላ ነው።

ያውቁ ኖሯል? በኩዌት ካሉት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ሕግ ቁጥር 68 ለቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ከነደመወዙ ዕረፍት፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ፣ በቀን ከ12 ሰዓት ያልበለጠ ሥራ ይደነግጋል፤ አሠሪ ፓስፖርት እንዳይዝም ይከለክላል። በወረቀት ያለው ይህ ነው። ያቺ የዕረፍት ቀን በተግባር ለሌላት ሴት መቶ ኪሎ ሜትር የጉልበት ጥያቄ አይደለም፤ አንድ ነጻ ጠዋት ማግኘት ነው ጥያቄው። ስለ ስፖርት ስንጽፍ ይህን መዝለል ተገቢ አይመስለኝም።

ያውቁ ኖሯል? 91 ኦክቴን ቤንዚን በኩዌት በሊትር 85 ፊልስ ሲሸጥ ኖሯል። መኪና እንዲህ በረከሰበት አገር መንገዱ ለመኪና ነው የተሠራው። ቀይ የኋላ መብራት በጠራራ ፀሐይም ይብራ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2019 የተከፈተው የሼኽ ጃቢር ድልድይ ባሕሩን አቋርጦ ወደ ሱቢያ 36 ኪሎ ሜትር ይዘረጋል። ዓይን ይማርካል፤ ጥላ፣ ውኃና መውጫ ለሚያስፈልገው ጀማሪ ግን አይሆንም።

ያውቁ ኖሯል? ከጉዞ በፊትና በኋላ መመዘን ከማንኛውም መሣሪያ የተሻለ ይናገራል። የጎደለው 1 ኪሎ ከሞላ ጎደል 1 ሊትር ውኃ ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ አንድ ሊትር ተኩል ያህል በጥቂት በጥቂቱ፣ ከጨዋማ ምግብ ጋር ይጠጡ። እግርዎ ሲያገግም «ቀጥሎስ?» ማለትዎ አይቀርም። በዓለም ዙሪያ የረጅም ርቀት ብስክሌተኞች የሚፈተኑበት የመጀመሪያው እርከን 200 ኪሎ ሜትር ነው፤ የተፈቀደው ጊዜ 13 ሰዓት ተኩል፣ ደረጃ የለም፣ በሰዓቱ የገባ ሁሉ እኩል ነው። ከዚያ 300፣ 400 እና 600 ይከተላል፤ እነዚህን የጨረሰ እ.ኤ.አ. በ1891 ለተጀመረውና ዛሬ በየ4 ዓመቱ ለሚካሄደው የ1,200 ኪሎ ሜትር የፓሪስ ብሬስት ፓሪስ ጉዞ ብቁ ይሆናል። ለእሱ የሚሰጠው ጊዜ እስከ 90 ሰዓት ነው።