የሌዘር ክሪስታል

የሌዘር ክሪስታል አተሞቹ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ሥርዓት የተሰለፉ ጠጣር ነው። ብርሃኑን የሚያመነጩት ግን እዚህም እዚያም በመካከላቸው የገቡ ጥቂት እንግዳ አተሞች ናቸው። ቴዎዶር ሜይማን በ1960 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የመጀመሪያውን ሌዘር ያበራበት ሩቢ ቅላቱን ያገኘው ከጥቂት ክሮሚየም ነው። ከመብራት የሚመጣ ብርሃን የክሮሚየሙን ኤሌክትሮኖች ከፍ ወዳለ ደረጃ ያወጣቸዋል፤ አንዱ ሲወርድ የሚለቀው ብርሃን ሌላውንም እንዲወርድ ይገፋዋል፤ ብርሃኑ በሁለት መስታወቶች መካከል እየተመላለሰ ሲበረታ 694 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ቀይ ጨረር ሆኖ ይወጣል።

በባሌ ጎረቤት በጉጂ፣ ሻኪሶ አካባቢ የሚወጣውን ኤመራልድ አረንጓዴ የሚያደርገውም ይኸው ክሮሚየም ነው። አንድ አተም በሩቢ ቀይ፣ በኤመራልድ አረንጓዴ መስጠቱ አስተናጋጁ ክሪስታል ምን ያህል እንደሚወስን ያሳያል። የዘርፉ ጥናትም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያርፋል፦ የትኛው እንግዳ፣ በየትኛው አስተናጋጅ፣ በምን መጠን?

ባሌ ራሱ ውስጥ በብዛት ያለው ደግሞ ካልሳይት የተባለ ማዕድን ነው። ከባሌ ተራሮች የሚነሳው የወይብ ወንዝ 15 ኪሎ ሜትር የሚያህለውን የሶፍ ኡመር ዋሻ የፈለፈለው ከዚህ ማዕድን በተሠራ የኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው። ጥርት ያለ የካልሳይት ክሪስታል ጽሑፍ ላይ ሲቀመጥ እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ብርሃንን ለሁለት የሚከፍል በመሆኑ የሌዘር ጨረር የሚወዛወዝበትን አቅጣጫ ለመምረጥ ይጠቅማል። የዋሻው ግድግዳ ግን በየአቅጣጫው የዞሩ ቅንጣቶች ጥርቅም ስለሆነ ብርሃን አያሳልፍም።

የወሎው የደላንታ ኦፓል ሌላ መንገድ ያሳያል። ውስጡ የተደረደሩት የሲሊካ ቅንጣቶች መጠን ለብርሃን የሞገድ ርዝመት ስለሚቀርብ ድንጋዩ ያለ ማቅለሚያ ኅብረ ቀለም ይረጫል። ውሃ ውስጥ ሲነከር ቀዳዳዎቹ ይሞሉና ጥርት ይላል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ኤሊ ያብሎኖቪች እና ሳጂቭ ጆን በ1987 እ.ኤ.አ. በየፊናቸው ያቀረቡት የፎቶኒክ ክሪስታል ሐሳብ የሚያርፈው በእንዲህ ያለ ድርድር ላይ ነው፤ ድርድሩ በትክክል ከተሠራ የተመረጠ ቀለም እንዳያልፍ ይከለክላል፤ በዚህም ብርሃን በጠባብ ቦታ ይታሰራል።

የተፈጥሮ ድንጋይ ስንጥቅና ባዕድ ነገር ስለሚበዛበት ተመራማሪው የሌዘሩን ክሪስታል ራሱ ያሳድጋል። ያግ የተባለው የኢትሪየምና የአልሙኒየም ጋርኔት በ1970 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል። በኢሪዲየም ማቅለጫ ውስጥ የቀለጠውን አንዲት የዘር ክሪስታል ትነካዋለች፤ ከዚያ እየዞረች በሰዓት አንድ ሚሊሜትር ያህል ወይም ከዚያ ባነሰ ፍጥነት ወደ ላይ ትሳባለች። አንዱ ዘንግ ሳምንታት ይፈጃል፤ ሙቀቱ ከተዛነፈ ይሰነጠቃል፤ የሳምንታቱ ድካምም አብሮ ይሄዳል። ወደ ያግ የሚገባው እንግዳ አተም ኒዮዲሚየም ሲሆን፣ መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከመቶ አንድ ገደማ ነው። ሲበዛ አተሞቹ እርስ በርስ ኃይል ይሻማሉ፣ ከእነሱ የሚወጣው የ1064 ናኖሜትር ብርሃንም ይደክማል።

እቶን የማይጠይቀው የጥናቱ ክፍል ስሌት ነው። ብርሃን በአንድ የፎቶኒክ ክሪስታል ድርድር ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ በኮምፒውተር ማስላት ሮቤ በሚገኘው መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲም ሆኖ ይቻላል። የቅንጣቶቹ መጠንና ርቀት የሚወሰነው በዚህ ስሌት ሲሆን፣ ክሪስታሉን የሚሠራው ሰው ሥራውን የሚጀምረውም ከእነዚሁ ቁጥሮች ነው።