የሐርላ ዶቃና የሰው ልብ ጥያቄ

ከድሬዳዋ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሐርላ ዛሬ የገበሬዎች መንደር ናት። ከመሬቷ በታች ግን ጥንታዊ የንግድ ከተማ ተቀብሮባታል። ያገሩ ሰዎች የፍርስራሹን ትላልቅ ድንጋዮች እያዩ፣ ከተማውን የሠሩት ግዙፋን ናቸው ይሉ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የቁፋሮ ውጤት ግን የ12ኛውን ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የብርጭቆ ዶቃ፣ ዛጎል፣ ከግብጽ የመጣ ገንዘብ፣ ከቻይናና ከየመን የመጣ ሸክላ፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ ሥፍራም አሳይቷል። እነዚያ ነጋዴዎችና አንጥረኞች እንደኛው ደክመው ሰበሰቡ፤ የሰበሰቡት ዶቃም ከነርሱ ይልቅ ዕድሜ አገኘ።

እንግዲህ ሰው የሚሰበስበው ሁሉ ከርሱ በኋላ የሚቀር ከሆነ ልቡ በምን ይረካል? ጥያቄው ለኛ ለተማሪዎችም የቀረበ ነው። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት እንመኛለን፤ ስንገባ ዲግሪን፣ ዲግሪው ሲገኝ ሥራን፣ ሥራው ሲገኝ ደግሞ ከፍ ያለ ደመወዝን እንመኛለን። ያንዱ ምኞት ደስታ ወር ሳይሞላው ሌላ ምኞት ይተካዋል።

የክርስትና እምነት መልስ ሀብትና ዕውቀት ክፉ ናቸው የሚል አይደለም። ክርስቶስ በምሳሌ የጠቀሰው ባለጸጋ የተወቀሰው እህል ስላመረተ ሳይሆን ጎተራውን ለነፍሱ ዋስ ስላደረገ ነው። በዚህ እምነት መሠረት ሰው በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረና የተወደደ ስለሆነ ክብሩ በማዕረግ የሚገዛ አይደለም። ክብሩን ለማስመስከር የማይሯሯጥ ሰውም ባልንጀራውን ለማየት ፋታ ያገኛል። እርካታን ሲያሳድዷት ትሸሻለች፤ በፍቅር ሥራ ላይ ላለ ሰው ግን ሳይጠራት ትመጣለች።

«ይህ ካገር ችግር መሸሻ ነው» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ነቀፌታው የሚናቅ አይደለም፤ ጸሎትን ለስንፍናው መሸፈኛ የሚያደርግ ሰው አለና። ነገር ግን የወይዘሮ አበበች ጎበናን ታሪክ እንመልከት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወደ ወሎ በሄዱ ጊዜ ረሃብ የጣለውን ሕዝብ አዩ፤ የሞተች እናቱን ጡት የሚጠባ ሕፃንም አገኙ። ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ባንድ ዓመት ውስጥ የሰበሰቧቸው ልጆች 21 ደረሱ። ምቹ ኑሯቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ኖሩ፤ ሥራውም አድጎ ትልቅ የሕፃናት መርጃ ድርጅት ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ያዘነላቸው ሕዝብ ብዙ ነበር። ለመሳለም የተነሣው እግራቸው ወደ ተራበው ሕፃን አደረሳቸው እንጂ ከችግሩ አላሸሻቸውም።

ሁላችን የሕፃናት ማሳደጊያ እናቋቁም ማለት አይደለም። መምህሩ በክፍሉ፣ ሐኪሙ በበሽተኛው አልጋ አጠገብ፣ መሐንዲሱም በውሃ ጉድጓዱ ዘንድ ይህንኑ መንገድ ያገኘዋል። ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ የምረቃው ቀን ሲቀርብ «ምን አገኛለሁ?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት «ለማን ተሰጠሁ?» ብለን እንጠይቅ። የመጀመሪያው ጥያቄ ማለቂያ የለውም፤ ሁለተኛው ግን ዛሬውኑ፣ በጎናችን ካለው ሰው ይጀምራል።