የደም ምርመራው የትኛውን ቫይረስ አየ?

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1999 በኒውዮርክ ከተማ፣ ኩዊንስ ውስጥ፣ ጥቂት አረጋውያን ትኩሳት ይዟቸው፣ አእምሯቸው ተምታቶና ጡንቻቸው ዝሎ ሆስፒታል ገቡ። የአንጎል ብግነት ተጠረጠረ። የደምና የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ምርመራው አሜሪካኖች ከድሮ ጀምሮ የሚያውቁትን፣ በትንኝ የሚተላለፈውን የሴንት ሉዊስ ቫይረስ ጠቆመ። ከተማዋም ይህንኑ አሳውቃ ፀረ ትንኝ ኬሚካል መርጨት ጀመረች።

በዚያው ሰሞን ግን ቁራዎች በየመንገዱ ሞተው ይገኙ ነበር። በብሮንክስ የእንስሳት ማቆያም ወፎች መሞት ጀመሩ። የሴንት ሉዊስ ቫይረስ ወፍ አይገድልም፤ የማቆያው የእንስሳት ሐኪም ትሬሲ ማክናማራ ውጤቱን አልቀበልም ያሉት በዚህ ነበር። በመጨረሻ የተገኘው በ1937 ኡጋንዳ ውስጥ የተለየው፣ በአሜሪካ ምድር ግን ታይቶ የማይታወቀው የዌስት ናይል ቫይረስ ሆነ። ርጭቱ እንኳ ከንቱ አልቀረም፤ ሁለቱንም የሚያስተላልፈው ኩሌክስ የተባለው የትንኝ ዘር ነው።

ታዲያ መሣሪያው ተበላሽቶ ነበር? አልነበረም። ምርመራው የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ሕመሙ አንጎል ላይ ሲታይ ቫይረሱ ብዙ ጊዜ ከደም ጠፍቷል። በቅድሚያ የሚታየው ፀረ እንግዳ አካል አይጂኤም ሲሆን፣ ምልክት ከጀመረ ከ3 እስከ 8 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን «የለም» የተባለ ሰው ነፃ ነው ማለት አይቻልም። አይጂኤም ወራት ሊቆይም ይችላል፤ ቫይረሱ ከያዛቸው 10 ሰዎች 8ቱ ገደማ ምንም ስለማይሰማቸው፣ ዛሬ የተገኘው ያለፈ፣ ያልታወቀ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ የሚወስዱት ለዚህ ጭምር ነው። አይጂኤም ግዙፍ ስለሆነ ከደም ወደ አንጎል በቀላሉ አይሻገርም፤ እዚያ ከተገኘ እዚያው ተሠርቷል ብሎ መገመት ተገቢ ነው።

የኒውዮርኩ ስህተት ምንጭ ዝምድና ነው። ዌስት ናይል፣ ሴንት ሉዊስ፣ ቢጫ ወባ፣ ደንጊ እና ዚካ የአንድ ቤተሰብ ቫይረሶች ናቸው፤ ለአንዱ የተሠራው ፀረ እንግዳ አካል ሌላውንም ይይዛል። ይህ የኛን ሰው በቀጥታ ይነካል። የቢጫ ወባ ክትባት የወሰደ ወይም ድሬዳዋ ሳለ ደንጊ የያዘው ሰው፣ ዌስት ናይል በሚታይባቸው በቴል አቪቭ ወይም በዳላስ ቢመረመር ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል። ሐኪሙ የቢጫ ወባ ካርድዎን ካልጠየቀ፣ እርስዎ ይንገሩት።

ጥርጣሬ ሲኖር ናሙናው የታማሚው ደም ሕያው ቫይረስን ምን ያህል እንደሚያግድ ወደሚለካ ልዩ ላቦራቶሪ ይላካል፤ ይህ ጊዜ ይወስዳል። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ሁለተኛ ደም ተወስዶ መጠኑ 4 እጥፍና ከዚያ በላይ ካደገ ሕመሙ የቅርብ ነው። ከዚህ ቤተሰብ ብዙ ቫይረስ ያገኘው ሰው ላይ ግን ይህም ሁልጊዜ አይለይም።

ለዌስት ናይል የተለየ መድኃኒት የለም። ውጤት እስኪመጣ ግን ሐኪሞች እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም፤ የሄርፒስ ቫይረስም አንጎልን ስለሚያጠቃ፣ ለእሱ የሚሰጠውን አሳይክሎቪር ቀድመው ያስጀምራሉ። የደም ለጋሾች ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በ2002 ቫይረሱ በተለገሰ ደም እንደሚተላለፍ በአሜሪካ ከታወቀ በኋላ፣ ከ2003 ጀምሮ የሚመረመረው የቫይረሱ ዘረመል እንጂ ፀረ እንግዳ አካሉ አይደለም። ቫይረሱን ይዞ ጤነኛ መስሎ ደም የሚሰጠው ሰው ብዙ ጊዜ ፀረ እንግዳ አካሉን ገና አልሠራማ።