ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፦ የካላዛር የደም ምርመራ በሰውና በውሻ ምን ይነግረናል?

«ልጅህ ተመርምሮ ኔጋቲቭ ነው» ቢባል ልጁ ደኅና ነው ማለት ነው? «ውሻህ ተመርምሮ ፖዘቲቭ ሆኗል» ቢባልስ ውሻው መገደል አለበት ማለት ነው? ብዙዎቻችን ለሁለቱም ጥያቄ ሳናመነታ «አዎን» እንላለን። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ከዚህ ግቢ ተመርቀው ከሚወጡት ዕጩ መምህራን መካከል መተማ፣ ሁመራ፣ ሊቦ ከምከም ወይም ደቡብ ኦሞ የሚደርሳቸው አይጠፉም። እነዚህ ቦታዎች ሁሉ ካላዛር ያለባቸው ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የበሽታው የደም ምርመራ እንዴት እንደሚሠራና ውጤቱም እንዴት መነበብ እንዳለበት ማስረዳት ነው።

በሊቦ ከምከም የሆነው

በ1997 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ወረዳ ብዙ ሰው ለረዥም ጊዜ የማይለቅ ትኩሳት ያዘው። ሕመሙ መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተደርጎ ነበር የታሰበው። የወባ መድኃኒት ተሰጠ፤ ትኩሳቱ ግን አልለቅ አለ። ሰውነት እየከሳ፣ ሆድ በግራ በኩል እያበጠ ሄደ። የኋላ ኋላ በግንቦት ወር በሽታው ካላዛር መሆኑ ታወቀ። አካባቢው ደጋ ቀመስ በመሆኑ ካላዛር ይኖራል ብሎ የጠበቀ ብዙም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እስከ ታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. ድረስ በአካባቢው የሕክምና ጣቢያ የታከሙት ሰዎች መዝገብ ሲጠና፣ ግማሽ ያህሉ ዕድሜያቸው 18 ዓመትና ከዚያ በታች ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ ማለት ከትምህርት ቤት ወንበር ላይ የሚጠፉት ልጆች ናቸው ማለት ነው።

በሽታው በአጭሩ

ካላዛር የሚመጣው ሌሽማኒያ ከተባለ በማይክሮስኮፕ ብቻ ከሚታይ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ስሙ የተገኘው ከሌሽማን ነው፤ እሱና ዶኖቫን የተባለው ሐኪም ተሕዋሱን እ.ኤ.አ. በ1903 ለዓለም አስታውቀዋል። ከአንዱ ወደ ሌላው የምታስተላልፈው ከትንኝ የምታንስ፣ ስትበርር ድምፅ የማይሰማባት እንስት የአሸዋ ዝንብ ናት። በሰሜን ምዕራብ ቆላችን በዋልካ አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር፣ በደቡብ ደግሞ በኩይሳ ውስጥ ትጠለላለች። ለሰሊጥና ለማሽላ አጨዳ ወደ ቆላ ወርደው ሜዳ ላይ የሚያድሩ የቀን ሠራተኞች በብዛት የሚያዙትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ተሕዋሱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ በጣፊያ፣ በጉበትና በመቅኔ ውስጥ ይራባል። ምልክቶቹም ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆይ ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥ፣ ክሳትና የደም ማነስ ናቸው። ካልታከመ በአብዛኛው ይገድላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን ይድናል። ቆዳ ላይ ቁስል የሚያወጣው ቁንጭርም የሌሽማኒያ ዘመድ ነው፤ የዛሬው ርእሳችን ግን እሱ አይደለም።

አንቲቦዲ ምንድን ነው?

ሰውነታችን ባዕድ ነገር ሲገባበት ያንን ባዕድ ለይቶ የሚይዝ ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ያዘጋጃል። ይህ ንጥረ ነገር አንቲቦዲ ይባላል። ስለዚህ አንድ ሰው በደሙ ውስጥ የሌሽማኒያ አንቲቦዲ ከተገኘበት ሰውነቱ ከሌሽማኒያ ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። መቼ ተገናኘ? አሁንስ ተሕዋሱ በውስጡ አለ ወይ? ሰውዬውን ያሳመመውስ እሱ ነው ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች አንቲቦዲው ብቻውን አይመልስም።

አባቶች «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ። አንቲቦዲም እንደዚያ ውሻ ነው። ጅቡ ግቢ ሲገባ ይጮኻል፤ ጅቡ ከሄደም በኋላ ጩኸቱን አያቆምም። ከካላዛር የዳነ ሰው ደሙ ውስጥ ለዓመታት አንቲቦዲ ይገኛል። ተሕዋሱ ገብቶባቸው ሳይታመሙ የሚኖሩ ሰዎችም አሉ፤ እነሱም ሲመረመሩ ፖዘቲቭ ሊሆኑ ይችላሉ። በሌላ በኩል ውሻው ከደከመ ጅቡ ግቢ ውስጥ እያለም ላይጮኽ ይችላል። የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደማቸው ውስጥ ያለ የካላዛር ሕሙማን ሰውነታቸው በቂ አንቲቦዲ ላያዘጋጅ ስለሚችል ምርመራው አንዳንድ ጊዜ ይስታቸዋል።

ምርመራዎቹ እንዴት ይሠራሉ?

1ኛ/ የፎርማሊን ምርመራ፦ ይህ የድሮው ዘዴ ነው። ከሕመምተኛው ደም በተለየው ፈሳሽ (ሴረም) ላይ ፎርማሊን ጠብ ይደረግበታል። ፈሳሹ እንደተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ዙሪያ ነጭ ሆኖ ከረጋ ካላዛር ይጠረጠራል። ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የሚያሳየው በጠቅላላው የደም ፕሮቲን መብዛቱን እንጂ የሌሽማኒያን አንቲቦዲ ለይቶ አይደለም። ስለሆነም በሌላ በሽታም ሊረጋ፣ በካላዛር መጀመሪያ ላይ ደግሞ ላይረጋ ይችላል።

2ኛ/ የማጣበቅ ምርመራ (ዳት)፦ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሱዳናዊው ተመራማሪ አብደላ ኤል ሐሪስና ባልደረቦቹ ያበለጸጉት ነው። የተገደሉና ሰማያዊ ቀለም የተነከሩ ተሕዋሶች ይዘጋጃሉ። የሕመምተኛው ሴረም ደረጃ በደረጃ እየቀጠነ፣ ማለትም በየጊዜው በእጥፍ እየተበረዘ፣ ታቹ ሾጠጥ ባለ ጉድጓዶች ውስጥ ይደረጋል፤ ከዚያም ቀለም የገባው ተሕዋስ ይጨመርበትና ያድራል። አንቲቦዲ ከሌለ ተሕዋሶቹ ተንሸራተው ታች ይወርዱና ጥርት ያለች ሰማያዊ ነጥብ ይሠራሉ። አንቲቦዲ ካለ ግን እርስ በርስ ያያይዛቸውና እንደ ስስ ምንጣፍ ተዘርግተው ይቀራሉ። ሴረሙ ብዙ ጊዜ ቀጥኖም ምንጣፉ ከታየ አንቲቦዲው ብዙ ነው ማለት ነው። ጥሩ ምርመራ ነው፤ ግን ላቦራቶሪ፣ የሠለጠነ እጅና የአንድ ሌሊት ትዕግሥት ይፈልጋል።

3ኛ/ የወረቀት ምርመራ (አር ኬ 39)፦ ከጣት በተወሰደች ጠብታ ደም የሚሠራ ስስ ቁራጭ ነው። በላዩ ላይ 39 የአሚኖ አሲድ ቅንጣቶች እየተደጋገሙ የሚገኙበት የሌሽማኒያ ፕሮቲን ተቀብቷል። ደሙ በወረቀቱ ላይ ሲሳብ አንቲቦዲ ካለ ፕሮቲኑ ይይዘውና መስመር ይታያል። ሁለት መስመር ከወጣ ፖዘቲቭ፣ የመቆጣጠሪያው መስመር ብቻ ከወጣ ኔጋቲቭ ይባላል። የመቆጣጠሪያው መስመር ካልወጣ ግን ወረቀቱ አልሠራምና ይደገማል። ውጤቱ በደቂቃዎች ስለሚደርስ ለገጠር ጤና ጣቢያ የተመቸ ነው።

ታዲያ ይህ ወረቀት በሁሉም አገር እኩል አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2014 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ እንዳመለከተው ወረቀቱ በሕንድ ክፍለ አህጉር ከ100 ሕሙማን 97ቱን ሲያገኝ፣ በምሥራቅ አፍሪካ የሚያገኘው 85ቱን ያህል ነው። ይኸውም በእኛ አካባቢ ከ100 እውነተኛ ሕሙማን 15 ያህሉን «ኔጋቲቭ» ብሎ ሊያሳልፋቸው ይችላል ማለት ነው። አንዱ ምክንያት የእኛ አካባቢ ተሕዋስ ፕሮቲን ወረቀቱ ላይ ከተቀባው የተወሰነ ልዩነት ያለው መሆኑ ነው። በዚህ የተነሳ ምልክቱ ያለበት ሰው በወረቀቱ ኔጋቲቭ ቢሆንም በዳት ወይም ከጣፊያና ከመቅኔ በሚወሰድ ናሙና እንደገና ይታያል። ቀድሞ ታክሞ የዳነና እንደገና የታመመ ሰው ደግሞ አንቲቦዲው የድሮ ሊሆን ስለሚችል ተሕዋሱ ራሱ በማይክሮስኮፕ መፈለግ አለበት። ከጣፊያ ናሙና መውሰድ ደም ሊያፈስ ስለሚችል በሠለጠነ ባለሙያ እጅ እንጂ በየቦታው አይሠራም።

እስቲ እናስላው

ሒሳብ አስተማሪዎች ይህን በክፍል ውስጥ ሊሠሩበት ይችላሉ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ የተወሰዱ ናቸው። ምርመራው ከ100 ሕሙማን 85ቱን ያገኛል፤ ካልታመሙ 100 ሰዎች መካከል ደግሞ 9ኙን በስሕተት ፖዘቲቭ ይላል እንበል።

ሀ/ በአንድ ቀበሌ ምልክት ያለውንም የሌለውንም 1,000 ሰው አሰልፈን መረመርን። ከመካከላቸው በእውነት የታመሙት 10 ናቸው። ምርመራው ከ10ሩ 8 ወይም 9 ያገኛል። ካልታመሙት 990 ሰዎች ውስጥ ግን 89 ያህሉን ፖዘቲቭ ይላል። በጠቅላላው 98 ያህል ፖዘቲቭ ወጣ፤ በእውነት የታመመው ግን ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም!

ለ/ አሁን ደግሞ ከሁለት ሳምንት በላይ ትኩሳት ያላቸውንና ጣፊያቸው ያበጠ 100 ሰዎችን ብቻ መረመርን። ከእነዚህ ግማሾቹ፣ 50ዎቹ፣ ካላዛር አለባቸው። ምርመራው 42 ወይም 43 ያገኛል፤ በስሕተት የሚጨምረው 4 ወይም 5 ነው። ስለዚህ ፖዘቲቭ ከተባሉት አሥር ሰዎች ዘጠኙ በእውነት ሕሙማን ናቸው። ሆኖም 7 ወይም 8 ሕሙማን አምልጠውታል።

አያችሁ? ወረቀቱ ያው ነው፤ የተለወጠው የተመረመረው ሰው ነው። የምርመራው ውጤት ትርጉም የሚያገኘው ከሕመምተኛው ታሪክና ከምልክቱ ጋር ሲነበብ ነው። በስሕተት ፖዘቲቭ መባልም ቀላል ጉዳይ አይደለም። በአገራችን የተለመደው ሕክምና በየቀኑ ለ17 ቀናት የሚወጋ የሁለት መድኃኒቶች መርፌ ሲሆን፣ ከሁለቱ አንዱ ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ ይችላል። በስሕተት ኔጋቲቭ መባል ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል።

ወደ ውሻው እንመለስ

በሜዲትራንያን ዙሪያና በብራዚል ያለው ሌሽማኒያ ኢንፋንተም የሚባለው ዓይነት ነው፤ እዚያ ዋናው የተሕዋሱ ጎተራ ውሻ ነው። የታመመ ውሻ ይከሳል፤ ቆዳው ይቀረፋል፤ በዓይኑ ዙሪያ ፀጉሩ ይረግፋል፤ ጥፍሩ ከልክ በላይ ያድጋል። ነገር ግን አንቲቦዲ ከሚገኝባቸው ውሾች ብዙዎቹ ምንም ምልክት አይታይባቸውም።

የውሻ ምርመራ መሠረቱ ከሰው ጋር አንድ ነው። ዳት በተለይ ለሁለቱም ይመቻል፤ ምክንያቱም ተሕዋሶቹን የሚያያይዘው አንቲቦዲው ራሱ በመሆኑ የሰው ይሁን የውሻ አይመርጥም። እንደ ኢላይዛ ያሉት ምርመራዎች ግን የውሻን አንቲቦዲ ለይቶ የሚይዝ ሌላ ማመላከቻ ይፈልጋሉ። የወረቀቱ ምርመራ የታመመ ውሻን በደንብ ሲያገኝ፣ ምልክት የሌለውን ግን ብዙ ጊዜ ይስተዋል። የካላዛር ክትባት የተከተበ ውሻም አንዳንዴ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል።

ብራዚል ለብዙ ዓመታት ፖዘቲቭ የሆነውን ውሻ ሁሉ እየገደለች በሽታውን ለመቆጣጠር ሞክራለች። ውጤቱ ግን ብዙ አከራክሯል። ደም ተወስዶ ውጤት እስኪመጣ ጊዜ ያልፋል፤ ምርመራው የሚስታቸው ውሾች በመንደሩ ይቀራሉ፤ ሰዎችም በተገደለው ምትክ በሽታው ገና ያልነካውን ቡችላ ያመጣሉ፤ እሱም በተራው ይያዛል። ዛሬ ዛሬ በፀረ ተባይ የተነከረ የአንገት ማሰሪያ ለውሾች ማሰር ብዙ ትኩረት አግኝቷል።

እኛስ? በኢትዮጵያና በሱዳን ያለው ሌሽማኒያ ዶኖቫኒ የተባለው ዓይነት ነው። በአመዛኙ ከሰው ወደ ሰው በአሸዋ ዝንብ አማካይነት እንደሚተላለፍ ይታሰባል። በሊቦ ከምከም የተደረገ ጥናት በሽታው ከግራር ሥር ከመተኛት፣ ሌሊት ውጭ ከማደርና ውሻ ከማሳደግ ጋር ተያይዞ መገኘቱን አሳይቷል። በሰሜን ምዕራብ ባሉ ውሾችም አንቲቦዲ ተገኝቷል። ግን አስተውሉ፤ ይህ የሚያሳየው ዝንቧ ውሻውንም እንደነከሰችው ነው እንጂ ውሻው ለሰው እንዳስተላለፈ አይደለም። እዚህም ላይ የምንሰማው ጩኸቱን ነው፤ ጅቡ የት እንዳለ ገና አላየንም። ስለዚህ በአንቲቦዲ ብቻ ተነሥቶ የመንደር ውሻ ላይ መዝመት ከሳይንሱ ቀድሞ መሮጥ ነው።

ከአስተማሪ ምን ይጠበቃል?

ሀ/ ከሁለት ሳምንት በላይ ትኩሳት ይዞት፣ እየከሳ ከክፍል የሚቀር ተማሪ ስታዩ ወላጆቹን አነጋግሩ። ልጁ ወይም ቤተሰቡ በቅርብ ጊዜ ወደ ቆላ ወርደው እንደሆነ ጠይቁ፤ ጤና ጣቢያ ሲሄዱም ይህንኑ ለባለሙያው እንዲናገሩ ምከሯቸው። የወባ መድኃኒት ካልረዳው «ይለቀዋል» ብላችሁ አትጠብቁ።

ለ/ «ኔጋቲቭ ተብሏል» ሲባል ጉዳዩ አልቋል አትበሉ። ትኩሳቱ ካለ ልጁ ተመልሶ ይታይ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ የሌሽማኒያ ሕክምናና ምርምር ማዕከል አለ።

ሐ/ ከበሽታው የዳነ ተማሪ በምርመራ ፖዘቲቭ ቢሆን «አሁንም አለበት» ተብሎ እንዳይገለል ለክፍል ጓደኞቹ አስረዱ። በሽታው አብሮ በመቀመጥ፣ በመጨባበጥ ወይም አብሮ በመብላት አይተላለፍም።

መ/ ለአጨዳ የሚወርዱ ወላጆችና ታላላቅ ተማሪዎች አጎበር ይዘው እንዲሄዱና ሌሊት በግራር ሥር ወይም በተሰነጠቀ ዋልካ ላይ ሜዳ እንዳይተኙ ምከሩ።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ውሻ ሲጮኽ ሁለት ዓይነት ስሕተት አለ። አንዱ ጩኸቱን ሰምቶ በጨለማ ዱላ መወርወር ነው፤ ሌላው ውሻው ዝም ስላለ በሩን ክፍት ትቶ መተኛት ነው። ብልህ ሰው ፋኖስ አብርቶ ወጥቶ ያያል። በካላዛርም ፋኖሱ የልጁ ታሪክ፣ የትኩሳቱ ርዝመትና ያበጠው ጣፊያ ነው፤ ልጁን ከማንም ቀድሞ በየቀኑ የሚያየው ደግሞ አስተማሪው ነው።